ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣውን ሕመም አስቀድሞ መገመት

ተመሳሳይ ኦፕራሲዮን በአንድ ሐኪም እጅ ከተሠራላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ በማግስቱ ተነስቶ ይራመዳል፤ ሌላው ሲያቃስት ያድራል። የትኛው እንደሚብስበት ቀድሞ ለማወቅ የሰመመን ባለሙያዎች ብዙ ደክመዋል። መለኪያቸው ያው የታካሚው ቃል ነው፤ 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ደግሞ ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻው ስቃይ።

ብዙ ሰው የሚገምተው በቁስሉ ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጀርመን ጥናት ግን ይህን ግምት አፍርሶታል። በ105 ሆስፒታሎች ከ50 ሺህ በላይ ታካሚዎች ከ179 ዓይነት ኦፕራሲዮኖች በኋላ በመጀመሪያው ቀን የተሰማቸውን ሕመም በቁጥር ገለጹ። የአጥንት ኦፕራሲዮኖች ከፊት መሰለፋቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው ቶንሲል፣ ትርፍ አንጀትና ኪንታሮት ማውጣት በጣም ከሚያሙት 25 ኦፕራሲዮኖች ውስጥ መግባታቸው ነው። ሆድ የተከፈተለት ሰው ጠንካራ ማስታገሻ፣ አንዳንዴም በጀርባው በኩል ማደንዘዣ ያገኛል፤ "ቀላል ናት" የተባለችው ኦፕራሲዮን ግን ብዙ ጊዜ በቂ ማስታገሻ አይታዘዝላትም።

ከታካሚው በኩል ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ቀድሞ የነበረ ሕመምን፣ ጭንቀትንና ዕድሜን ከኦፕራሲዮኑ ዓይነት ጋር ዋና ጠቋሚዎች ብሏቸዋል። ወጣቶች ከአረጋውያን ይልቅ ይበልጥ ያማቸዋል። ሕመምን አግዝፎ የማየት ዝንባሌም ይለካል፤ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀ ባለ13 ነጥብ መጠይቅ አለ። ውጤቱ ከፍ ያለ ሰው ሕመሙን ፈጠረው ማለት አይደለም፤ ነርስም ሆነ ሐኪም እንዲህ ከተረጎመው መጠይቁ ባይሞላ ይሻላል።

ክንድ ላይ ሙቀት እያሳረፉ የሕመም ስሜትን መፈተሽም አለ፤ ግን መሣሪያ ይጠይቃል። ከሁሉ የምትቀለው የስዊድን ተመራማሪዎች ሙከራ ናት። ለጉሉኮስ የሚሆነው መርፌ እጅ ላይ ሲገባ "ምን ያህል አመመህ?" ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ሕመሙን ከፍ ያለ ቁጥር የሰጡት ሰዎች የሐሞት ከረጢታቸው ከወጣ በኋላም ይበልጥ ሲያማቸው ታየ። መርፌው እንደሆነ መግባቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ወጪ የለውም።

እንዲህም ሆኖ ግምቱ ለብዙ ሰው በአንድነት እንጂ ለአንድ ሰው ለይቶ እምብዛም አይሠራም። አንዱ ምክንያት መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ኮዴይንና ትራማዶል የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች በሙሉ ኃይላቸው እንዲሠሩ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ይለውጣቸዋል። እነ እሌኒ አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከ122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይንን ፈጥኖ ሞርፊን ወደተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ስለሚለውጥ የተለመደው መጠን ሊበዛበት፣ ትንፋሹንም ሊያዳክም ይችላል። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ደግሞ ኪኒኑን እየዋጠ ሕመሙ አይበርድለትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ፣ ትራማዶል ደግሞ ከቶንሲል ኦፕራሲዮን በኋላ እስከ 18 ዓመት ድረስ እንዳይታዘዝ አስጠንቅቋል።