ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ (አባ መላ)

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ ከ1900 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው የኢትዮጵያ የጦር ሚኒስትር ነበሩ። በዘመናቸው የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ግን ለሁለት ጎራ ተከፍሎ ነበር። በአንድ ወገን ራስ ተፈሪና ለውጥ ፈላጊዎቹ፣ በሌላው ወገን የቆየው ሥርዓት እንዳይነካ የሚሹት መኳንንትና ካህናት ነበሩ። ወግ አጥባቂ የሚባለው የዚህ ሁለተኛ ወገን ዋልታ አባ መላ ነበሩ።

ትውልዳቸው ጨቦ ነው። ዘራቸውን አንዱ ከኦሮሞ፣ ሌላው ከጉራጌ ይቆጥረዋል፤ ከሁለቱም ይወለዳሉ የሚለው ግን ሚዛን ይደፋል። ገና በልጅነታቸው በምኒልክ ጦር ተማርከው ቤተ መንግሥት ገቡ፤ እዚያው አደጉ። ፊደል አልቆጠሩም ይባላል። ይህ ከሆነ በሥልጣን ከፍ ማለታቸው ይበልጥ ያስደንቃል። ፊታውራሪ ገበየሁ ዓድዋ ላይ ሲወድቁ ቦታቸውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎም ወደ ቦረና ዘምተው አካባቢውን በምኒልክ ግዛት ሥር አስገቡ።

ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጦሩን ለሀብተ ጊዮርጊስ ሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከታመሙ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን ጠቅልለው ሲይዙ መኳንንቱ አልተዋጠላቸውም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ ካራቁት ዋነኞቹ አንዱ ፊታውራሪው ነበሩ።

ስማቸው የገነነው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። የምኒልክ የልጅ ልጅና ወራሽ የነበረው ልጅ ኢያሱ ሰልሟል ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ እውነት ይሁን የፖለቲካ ሴራ ዛሬም የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ ቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ምኒልክ ኢያሱን ሲያወርሱ ኑዛዜያቸውን የሚያፈርስ ሁሉ የተረገመ ይሁን ብለው መኳንንቱን አስምለው ነበር። ስለዚህ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላው መፍታት ነበረባቸው። ከተፈቱ በኋላ ኢያሱ ተሻረ፤ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ።

የኢያሱ አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ይህን ዝም ብለው አላዩም። ጦራቸውን አስከትለው ወደ ሸዋ ወረዱ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ ከሸዋ ወገን የነበሩትን የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱት፤ ራስም እዚያው ወደቁ። አዲስ አበባ ተጨነቀች፤ የመሀሉ ጦር ገና ተሰባስቦ አላለቀም ነበር። ታዲያ አባ መላ ለንጉሥ ሚካኤል ደብዳቤ ላኩ። ልቤ ከልጅ ኢያሱ ጋር ነው፣ ሳልወድ ነው የገባሁበት የሚል መንፈስ ያለው መልእክት እንደነበር ይተረካል። ንጉሡ አመኑ፤ ግስጋሴያቸውንም ገታ አደረጉ። በዚያች ፋታ የሸዋ ጦር ተሰባሰበ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ጦሮች ተጋጠሙ። ውጊያው ከባድ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። የድሉ ዋና መሪ ያለ ጥርጥር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ በሦስት ሰው ትከሻ ላይ ሆነ። ዘውዱ የዘውዲቱ፣ የውጭ ጉዳይና የለውጡ ሥራ የተፈሪ፣ ጦሩ የሀብተ ጊዮርጊስ። በ1910 ዓ.ም. መሀል ሰፋሪ የሚባለው የቤተ መንግሥቱ ጦር በሚኒስትሮቹ ላይ ተነሥቶ ሁሉም ሲሻሩ ከቦታቸው ያልተነሡት አባ መላ ብቻ ናቸው። ወታደሩ ምን ያህል ያከብራቸው እንደነበር ከዚህ ይታያል።

የለውጥ ጠላት ነበሩ ማለት ግን አይበቃም። አንድ መሪ አውርዶ ሌላ ያስቀመጠ ሰው ለውጥን በጭፍኑ ይጠላል ብሎ መደምደም ይከብዳል። የሚፈሩት ጥድፊያን ነበር፤ የውጭ ሰው እጅ በአገር ጉዳይ መግባቱም አይጥማቸውም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን የመሰሉ ታላላቅ መኳንንት አስከትለው አውሮፓ ሲዞሩ፣ ፊታውራሪው አዲስ አበባ ቀሩ። ተፈሪ በሳቸው ላይ ፊት ለፊት አልተነሡም፤ ጊዜ ጠበቁ። ፊታውራሪው በዳኝነታቸውም ስመ ጥር ነበሩ፤ የረቀቀ ፍርዳቸው እንደ ተረት ሲነገር ኖሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚባለው ቦታ ስማቸውን ይዟል።

በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. አረፉ። አቡነ ማቴዎስም ከሳቸው ቀናት ቀደም ብለው አርፈው ነበር። ወግ አጥባቂው ወገን በአንድ ሰሞን ሁለቱንም ምሰሶዎቹን አጣ። ራስ ተፈሪ ጊዜ አላባከኑም፤ የሟቹን ጦርና መሬት ወዲያው በእጃቸው አስገቡ። በየካቲት 1920 ዓ.ም. ከወግ አጥባቂዎቹ አንዱ የነበሩት ደጃዝማች ባልቻ ብዙ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ ደጃፍ ቢሰፍሩም፣ ጦራቸው በመደለያ ተበተነባቸው። ተፈሪ በመስከረም 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። የዘውዲቱ ባለቤት የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌም በመጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከተፈሪ ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ።