እንባ ጠባቂ ይግባኝ ሰሚ አይደለም

ብዙ ሰው እንባ ጠባቂ ዘንድ፣ ማለትም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚቀርብ አቤቱታን የሚመረምረው ተቋም ዘንድ፣ የሚሄደው የማዘጋጃ ቤቱን ውሳኔ ያሽርልኛል ብሎ ነው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተቋሙ የሚመረምረው «አስተዳደራዊ በደል» የሚባለውን ነው፤ ማለትም ውሳኔው የተሰጠበትን መንገድ። የግንባታ ፈቃድ ተከለከሉ እንበል። ደንቡን ተከትለው፣ ምክንያቱን ጽፈው ከከለከሉዎት እንባ ጠባቂው ብዙም የሚያደርግልዎ የለም። ፋይልዎ ጠፍቶ 6 ወር ከተጉላሉ ወይም ምክንያቱ ሳይነገርዎት ከቀረ ግን ጉዳዩ የእሱ ነው።

አቤቱታ በብዛት ተመላሽ የሚሆነው አመልካቹ መጀመሪያ ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ስላላቀረበ ነው። ስለዚህ እዚያ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይያዙ። መልስ ቢነፍጉዎት እንኳ ያቺ ቅጂ ማስረጃ ናት። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። የጊዜ ገደብም አለ፤ ከአገር አገር ይለያያል።

ማመልከቻው ላይ ምን በደል፣ መቼ እንደተፈጸመ፣ ምን ጉዳት እንዳደረሰብዎትና ምን እንዲደረግልዎ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። የመጨረሻዋን ብዙዎች ይረሷታል። መርማሪው ፋይሉን አስቀርቦ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። በደል ካገኘ ይቅርታ፣ ካሳ ወይም ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይጠይቃል፤ ይህ ግን በአብዛኛው የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ አሻፈረኝ ካለ ሪፖርቱ ለምክር ቤት ይቀርባል፣ ለሕዝብም ይገለጣል። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1809 ስዊድን ውስጥ ሲጀመርም ጉልበቱ ከፓርላማ የመነጨ ነበር።