ስም የተጻፈበት አሮጌ ኩዊልት፦ የሚባለውና እውነታው

ኩዊልት ገጹ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ በገጹና በገበሩ መካከል ባዘቶ ገብቶበት የሚደረዝ የአልጋ ልብስ ነው። ከአያት ሲወረስ ወሬውም አብሮ ይወረሳል። እዚህ የምናነሣው የአሜሪካውን ነው፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ስሟ ያለባት ናት የሰፋችው።» ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ርቆ ለሚሄድ ዘመድ ወይም ለሰባኪ ስንብት የወዳጆች ስም የሰፈረበት ኩዊልት ይሰጥ ነበር። በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ ሲያሰባስቡ ጥቂት ሳንቲም የከፈለ ሁሉ ስሙ ይጠለፍለት ጀመር። ስለዚህ መርፌ ነክቶ የማያውቅ ወንድ ስሙ ሊገኝ ይችላል። ጽሕፈቱ ሁሉ የአንድ እጅ ከሆነ ደግሞ ስሞቹን ያሰፈረው አንድ ሰው ነው፤ ባለስሞቹ ፈራሚዎች አይደሉም።

ኩዊልቱ የየትና የመቼ እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን ስም ከነስሕተቱ፣ ከነቦታው ይመዝግቡ። ከዚያ እንግዳ የሆኑትን ሦስት የቤተሰብ ስሞች መርጠው፣ ሦስቱም በአንድ የሕዝብ ቆጠራ አንድ አካባቢ የሚገኙበትን ይፈልጉ። እንደ ስሚዝ ባለ የብዙዎች ስም መጀመር ድካም ብቻ ነው። የቤተሰቡን ነጻ አባላት ሁሉ በስም የዘረዘረው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1850 ነው፤ ከዚያ በፊት የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር። በባርነት ለነበሩት ግን ስም በስፋት የሚገኘው ከ1870 ወዲህ ነው። የ1890ው መዝገብ በ1921 ቃጠሎ ተጎድቶ ከሞላ ጎደል ስለጠፋ፣ በ1880 እና በ1900 መካከል ያለውን ክፍተት በቤተ ክርስቲያን መዝገብና በከተማ የነዋሪዎች ማውጫ ይሙሉ። በዚህ መሐል የጠፋች ልጃገረድ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተችም፤ አግብታ የቤተሰብ ስሟን ለውጣለች። የጋብቻ መዝገቡን ሳያዩ አይዝጓት።

«ቀኑ ተጽፎበታል፤ አለቀ።» ቀኑ የልደት ወይም የሠርግ መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። የሚፈርደው ከሁሉም አዲሱ ጨርቅ ነው፤ ኩዊልት ከእሱ ሊቀድም አይችልምና። 1820 ተብሎበት ከ1856 ወዲህ የመጣው ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም ከተገኘበት ቀኑ አይያዝም። አዲሱ ጨርቅ በኋላ የተለጠፈ እራፊ አለመሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ የእራፊ ስፌት የቀደመውን ድርዝ አቋርጦ ያልፋል። ገጹን አያት፣ ድርዙን የልጅ ልጅ የሠራችበትም ብዙ ስለሆነ የሁለቱን ክር ያነጻጽሩ።

«በስፌት መኪና የተሰፋ አሮጌ አይደለም።» አሜሪካዊው ሲንገር የስፌት መኪናውን ያስመዘገበው በ1851 ነው፤ ስለዚህ በመኪና የተሰፋም አሮጌ ሊሆን ይችላል።

«ባዘቶው ውስጥ የጥጥ ፍሬ ስባሪ ካለ፣ ከ1793ቱ የጥጥ መፈልፈያ ማሽን ይቀድማል።» አይደለም፤ ርካሽ ጥጥ በማሽን ተፈልፍሎም ስባሪ ይቀርበታል።

«ጽሑፉ እንዲነበብ ይታጠብ።» በፍጹም! ብረት ያለበት ጥንታዊ ቀለም ጨርቁን እየበላ ስለሚኖር፣ በእጥበት የሚወጣው ፊደሉ ከነጨርቁ ሊሆን ይችላል። ኩዊልቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መብራት ከጎን በዝቅታ ያብሩበት፤ ፎቶ አንሥተው በኮምፒውተር የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት ያጉሉት። ማስታወሻ ሲይዙ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አጠገቡ አይድረስ።