ምራቅ ውስጥ ያለው አልዲሃይድ ሰባሪ ኢንዛይም

ምራቅ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው እህል ማርጠቢያ ነው፣ ቢበዛ ስታርች የሚሰብረውን አሚሌዝ ከትምህርት ቤት ያስታውሳል። ግን እዛው ውስጥ አልዲሃይድ ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ስራው አልዲሃይድን (ብዙ ሽታዎችና ጭስ ውስጥ ያለ የኬሚካል ዓይነት) ወደ አሲድ መቀየር ነው።

አልዲሃይድ ወሎ ውስጥ ሩቅ ነገር አይደለም። ደሴ ሻይ ውስጥ የሚገባው ቀረፋ ሽታው ሲናማልዲሃይድ ነው፣ የከሙን ሽታም እንደዛው ከአልዲሃይድ ነው የሚመጣው። እነዚህ ደህናዎቹ ናቸው። የማገዶ ጭስ ግን ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን ይዞ ነው የሚመጣው፣ እነሱ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ ጋር ቶሎ ስለሚጣበቁ ጎጂ ናቸው፣ ምድጃ ስር የምትውል እናት አይኗ የሚያቃጥላትም አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ኢንዛይሙ ላይ ያለው ሲስቲን የሚባል አሚኖ አሲድ በሰልፈሩ አልዲሃይዱን ይይዘዋል፣ ኤንኤዲ ወይ ኤንኤዲፒ የሚባል የኢንዛይሙ ረዳት ሞለኪውል ሃይድሮጅኑን ይወስዳል፣ ከዛ ውሃ ገብቶ አሲዱን ያላቅቀዋል። ሲስቲኑ ራሱ ኦክሲዳይዝ ከሆነ (ኤሌክትሮን ካጣ) ግን ኢንዛይሙ ይፈዛል፣ ምራቅ ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደዛ ፈዞ ነው የሚገኘው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ግሉታታየን የሚባል ይህን ኦክሲዴሽን የሚመልስ ንጥረ ነገር ሲጨመርበት ይነቃል።

ይሄ ኢንዛይም ብዙ ዓይነት አለው፣ በአጭሩ ኤኤልዲኤች ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ምራቅ ውስጥ ዋናው ዓይነት ኤኤልዲኤች3ኤ1 ይባላል፣ የአይን ኮርኒያ ላይም በብዛት አለ። ደስ የሚለው ነገር በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ቡና በብዛት የሚጠጡ ወይም ብሮኮሊ በብዛት የሚበሉ ሰዎች ምራቅ ውስጥ መጠኑ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ብሮኮሊውን እንተወው፣ አቦል ቶና በረካ ብሎ ሶስቱንም ለሚጠጣ የወሎ ሰው ግን ቡናው ይመለከተዋል፣ ቡና መድሃኒት ነው ማለት ባይሆንም።

የምራቁ ኢንዛይም ድክመቱ ትንንሾቹ አልዲሃይዶች ላይ ነው። አሴታልዲሃይድን ብዙም አይችለውም፣ እሱን በደንብ የሚሰብረው ሌላው ዓይነት ኤኤልዲኤች2 በብዛት ጉበት ውስጥ ነው ያለው። ጠላ ወይ አረቄ ሲጠጣ ደግሞ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ራሳቸው አልኮሉን ወደ አሴታልዲሃይድ ይቀይሩታል፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከአልኮል መጠጥ ጋር የሚመጣውን አሴታልዲሃይድ ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ጥርሱን የማይፍቅ ሰው አፍ ውስጥ ይብሳል፣ ላዩ ላይ ሲጋራ ከጨመረበት ደግሞ ጭሱም የራሱን አሴታልዲሃይድ ይዞ ይገባል።