ለልጅ መርዶ ማን ይነግራል?

ጅማ ላይ ለቅሶ ቤት ሰው አይጠፋም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ቡና ያፈላል። ለአዋቂ መርዶ የሚነግሩ ሰዎች ተመርጠው በማለዳ ይላካሉ። የሟች ልጅ ግን ምንም ሳይነገረው አጂፕ ሰፈር ወደ አክስቱ ቤት ይሸኛል።

«ልጅ ምን ያውቃል?»

የቤቱ ድባብ መለወጡን ሕፃንም ያውቃል። ሞት መመለሻ እንደሌለው ግን አብዛኞቹ ልጆች በደንብ የሚገባቸው ከ5 እስከ 7 ዓመት ገደማ ነው። የአራት ዓመቷ ልጅ «አባዬ መቼ ይመጣል?» ብላ አሥር ጊዜ ብትጠይቅ፣ አሥሬ ያንኑ እውነት መንገር ነው።

«ውጭ አገር ሄዷል ማለት ይሻላል»

የሚብሰው ይሄ ነው። አረብ አገር የሄደ ሰው ይደውላል፣ ሻንጣ ይዞ ይመጣል። ልጁም ይጠብቃል። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ጓደኛው ያረዳዋል። ያን ቀን የሚያጣው አባቱን ብቻ አይደለም፤ እናንተንም ማመን ያቆማል። «ተኝቷል» የተባለ ልጅ ደግሞ ማታ መተኛት ይፈራል። «ሞቷል፤ ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ አይመለስም» በሉት። ገነቱም ጀነቱም ከዚያ በኋላ ይምጣ። «ያንተ ጥፋት አይደለም» ማለትንም አትርሱ። ትንሽ ልጅ ተናዶ ያሰበው ክፉ ነገር ሰው የገደለ ይመስለዋል።

«ይጫወታል እኮ፣ ረስቶታል»

ልጅ የሚያዝነው በየመሃሉ ነው። ቀን ኳስ ይጫወታል፤ ሌሊት የተወው የአልጋ ሽንት ይመለሳል፣ ጠዋት ሆዴን ይላል።

«ልጅ ለቅሶ አያይም»

የሚያየው ነገር አስቀድሞ ከተነገረው፣ አጠገቡ አንድ ሰው ካለ፣ ማየት ይችላል። አልፈልግም ካለ ግን አይገደድም።

«የሥነ ልቦና ድጋፍ ለታመመ ነው»

አሜሪካ ፖርትላንድ ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዳጊ ሴንተር መድኃኒት አይሰጥም። ወላጅ የሞተባቸው ልጆች አብረው ይቀመጣሉ፣ ይስላሉ። ንዴታቸውን የሚያወጡበት ክፍል ሁሉ አላቸው፤ የኛን ደረት መምታት አስታወሰኝ። አሳዳጊዎቹም በዚያው ሰዓት ለብቻቸው ያወራሉ። ብዙ ልጅ ከዚህ ያለፈ አያስፈልገውም። ስድስት ወር አልፎም መማርና መተኛት ያቃተው ልጅ ግን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታይ። «እኔም ልሙት» ካለ ዛሬውኑ ውሰዱት።

እድሮቻችን ድስትና ወንበር የሚቆጥር ሰው አላቸው። ከአርባው በኋላ ልጆቹን እየዞረ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢመደብ ምን ይከፈልበታል?