የሆሜር «ፎርሙላ» ምንድን ነው?

«ሆሜር 27 ሺህ ስንኝ ሸምድዶ በቃሉ ይወጣው ነበር፤ እኛ የእናታችንን ስልክ ቁጥር እንኳ አናስታውስም።» ይቺ አባባል ሞተች ስትባል ትነሣለች። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ፎርሙላ የሚባለውንም የፈጠሩት ለዚሁ ነው፣ ለሽምደዳ እንዲቀል» ብሎ አከለባት። ቁጥሩ ላይ ጠብ የለኝም፤ የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ የሆሜር ሁለቱ ግጥሞች፣ ኢሊያድ 15,693፣ ኦዲሲ 12,109 ስንኝ ናቸው፤ ሲደመሩ 27,800 ያልፋሉ። ጠቤ ከሽምደዳው ጋር ነው። ለመሆኑ የሸመደደ ሰው ፎርሙላ ምን ያደርግለታል?

የጥፋቱ ግማሽ የቋንቋችን ነው። አማርኛ «በቃል» ሲል ሁለት ነገር ይላል። «በቃል ነገረኝ» ማለት ሳይጽፍ ነገረኝ ነው፤ «ዳዊትን በቃሉ ያውቃል» ማለት ግን አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ይዞታል ማለት ነው። ስለ ሆሜር «በቃል የተገጠመ» ተብሎ ይተረጎማል፣ አንባቢው «በቃል የተያዘ» ብሎ ይወስደዋል። ዳዊት የሚደግመውም ሆነ ጉባኤ ፊት ቆሞ ቅኔ የሚዘርፈው ወረቀት አልያዙም። ሥራቸው አንድ ነው የሚል ሰው ግን ቅኔ ቤት ደጃፍ አልደረሰም።

ፎርሙላን በዚህ ትርጉሙ ያቆመው አሜሪካዊው ሚልማን ፓሪ ነው። በ1928 ፓሪስ ላይ ባቀረበው ጥናት ጀመረ፣ በ1930 ትርጉሙን አጠበቀው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአጭሩ፣ አንድን መሠረታዊ ሐሳብ ለመግለጽ፣ በአንድ ዓይነት የምጣኔ ሁኔታ ውስጥ፣ አዘውትሮ የሚገባ የቃላት ስብስብ ነው። ሰዎች «አዘውትሮ» የምትለዋን ይይዙና መካከል ላይ ያለችውን «በአንድ ዓይነት የምጣኔ ሁኔታ» ይጥሏታል። እሷ ከተጣለች ማንኛውም አዝማች ፎርሙላ ሊባል ነው። «ቀመር» ብለው የሚተረጉሙም አሉ፤ ሒሳብ ስለሚያስመስለው አልወደውም።

ምጣኔው እንዲህ ነው። የሆሜር ስንኝ ስድስት ርምጃ አለው። እያንዳንዱ ርምጃ አንድ ረዥምና ሁለት አጭር ቀለም ይይዛል፣ ወይም ሁለት ረዥም። የመጨረሻው ሁልጊዜ ሁለት ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ስንኙ ከ12 እስከ 17 ቀለም ይወዛወዛል። የእኛ ግጥም ቀለም ይቆጥራል፤ የግሪኩ የቀለሙን ርዝመት ይመዝናል። ሦስት አጭር ቀለም የተከታተለበት ቃል ሳይጎተት ስንኙ ውስጥ አይገባም። መካከል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ርምጃ ውስጥ፣ ቃል የሚያበቃበት ዕረፍት አለ። እየዘፈነ የሚገጥመው ዘፋኝ ከዚያ ወዲያ የቀረው ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ ጆሮው ያውቀዋል።

አሁን የኢሊያድን ጀግና አኪሌስን እናስገባ። ስንኙ መጨረሻ ላይ የቀረው 5 ቀለም ከሆነ «ዲዮስ አኪሌውስ» (ክቡሩ አኪሌስ) ይባላል። 7 ከሆነ «ፖዳስ ኦኩስ አኪሌውስ» (እግረ ፈጣኑ አኪሌስ)። 8 ከሆነ «ፖዳርኬስ ዲዮስ አኪሌውስ»። «ሌውስ» አንድ ቀለም መሆኗን ልብ በሉ። ስሙ ራሱም ተለጣጭ ነው፤ «ሌ» ስንኙ ሲፈልግ ትጠብቃለች፣ ሲፈልግ ትላላለች። ከፊት ደግሞ «ቶን ዳፓሜይቦሜኖስ ፕሮሴፌ» የሚል አለ፣ «ሲመልስለትም እንዲህ አለው» እንደ ማለት ነው። ቁጠሩት፣ 10 ቀለም ነው። በ7ቱ ሲደፈን 17፣ ሙሉ ስንኝ። በ5ቱ ቢደፈን ይጎድላል፣ በ8ቱ ይተርፋል። «እዚህ ጋ ለምን እግረ ፈጣን አለው? ቁጭ ብሎ አይደል የሚያወራው?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው።

የኦዲሲን ጀግና ኦዲሲየስን ደግሞ እዩት። 5 ላይ «ዲዮስ ኦዱሴውስ»፣ 7 ላይ «ፖሉሜቲስ ኦዱሴውስ» (ብልሃተ ብዙው)፣ 8 ላይ «ፖሉትላስ ዲዮስ ኦዱሴውስ» (ብዙ የቻለው)። ከአኪሌስ ጋር የአጭርና የረዥሙ ቅደም ተከተል ሳይቀር አንድ ነው። ያው «ሲመልስለትም» እዚህም ይገጥማል። ለአንድ ጀግና፣ ለአንድ ክፍተት፣ በአብዛኛው አንድ መጠሪያ ብቻ አለ። ፓሪን ያስደነገጠው ድግግሞሹ ሳይሆን ይህ ቁጠባ ነው። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይፈጥርም፤ ቢፈጥርም ምን ሊያደርግለት?

በጥርብ ድንጋይ የሚሠራ ግንበኛ አስቡ። ድንጋዩ በየልኩ ተጠርቦ፣ በየክምሩ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ጠራቢዎቹ ከእሱ በፊት ያለፉ የዘፋኝ ትውልዶች ናቸው። ግድግዳው ጫፍ ላይ የቀረውን ክፍተት ያይና እጁ ሳያስብ ወደ ትክክለኛው ክምር ይሄዳል። «ደ»፣ «ቴ»፣ «አራ» የሚሉት ጥቃቅን የግሪክ ቃላት በድንጋዩ መካከል የሚገቡት ጭቃ ናቸው። ድንጋዩን ስላልጠረበ ቤቱን አልሠራም የሚለው ሰውም አለ፣ «ሆሜር እንግዲያው ኮፒ ፔስት ነው» ባዩ። መሠረቱን የት እንደሚጥል፣ በሩን በየት እንደሚያወጣ የሚወስነው እኮ ግንበኛው ነው። ምሳሌው የሚላላበት ቦታም አለ። ግንበኛ ያበላሸውን አፍርሶ ይሠራል፤ ዘፋኙ አይችልም። ያቆመው ግድግዳ ከኋላው እየጠፋ ነው፣ ከፊቱ ሰው ተቀምጧል፣ የሚቀጥለው ስንኝ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ መድረስ አለበት።

ከአንዳንድ ጠራቢዎች ዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገርም አለ። ኢሊያድ ገና በሰባተኛው ስንኝ አጋሜምኖንን «ቴ አናክስ አንድሮን» (የሰዎች ንጉሥ) ይለዋል። «ቴ» በአናባቢ ያበቃል፣ «አናክስ» በአናባቢ ይጀምራል፤ እንደ ደንቡ ተዋጠው ስንኙ አንድ ቀለም መጉደል ነበረበት። አልጎደለም፤ ምክንያቱም ሐረጉ ሲጠረብ ቃሉ «ዋናክስ» ነበር። «ወ» ከዘፋኞቹ አፍ ጠፍታ ቦታዋ ግን ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ማይክል ቬንትሪስ በ1952 የፈታው የሸክላ ጽላቶች ጽሕፈት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 በፊት የተጻፈው፣ ቃሉን «ዋ-ና-ካ» ብሎ ይጽፈዋል።

መጠሪያው ከክፍተቱ ጋር እንጂ ከትዕይንቱ ጋር እንዳልታሰረ የሚያሳዩ ቦታዎችም አሉ። ኦዲሲ ስድስተኛው መጽሐፍ ላይ ናውሲካ ልታጥበው የምትወስደው ልብስ «የሚያብረቀርቅ» ይባላል። ካላደፈ ለምን ወንዝ ይወርዳል? ኢሊያድ 15 ላይ ኔስቶር በጠራራ ፀሐይ፣ ጦርነት መሐል፣ እጁን ወደ «ከዋክብታሙ ሰማይ» ይዘረጋል። የጥንት ተንታኞች በእንዲህ ያለው ላይ ብዙ ተጨንቀውበታል።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ግምት ነው» ይባላል። ፓሪም ግምት እንዳይሆንበት ነው ከ1933 እስከ 1935 ዩጎዝላቪያ የወረደው። እዚያ እንደ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር፣ በደጋን የሚመታ ጉስሌ የሚባል መሣሪያ ይዘው ረዣዥም የጀግና ግጥም የሚዘፍኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሙስሊሞቹ በረመዳን ሌሊት ቡና ቤት ውስጥ ይዘፍኑ ነበር። ፍጥነታቸው በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ስንኝ ነው። ከሁሉ የበለጠው ማንበብና መጻፍ የማይችለው አቭዶ ሜጄዶቪች ነበር፤ በ1935 አንድ ግጥም ብቻ 12,311 ስንኝ አድርጎ አስጽፏል፣ ከኦዲሲ ይበልጣል።

ሸምዳጅ ለሚሉኝ የምሰጠው ግን ሌላ ሙከራውን ነው። ፓሪ፣ ሙሚን ቭላሆቭልያክ የተባለ ዘፋኝ አቭዶ ሰምቶት የማያውቀውን ግጥም እንዲዘፍን አደረገ፣ አቭዶ ተቀምጦ ሰማ። 2,294 ስንኝ ነበር። ሲያበቃ ፓሪ ወደ አቭዶ ዞሮ «አንተስ ትችለዋለህ?» አለው። አቭዶ ዘፈነው፣ 6,313 ስንኝ ሆኖ ወጣ። ሸምድዶ ቢሆን ቢበዛ 2,294 ነበር የሚሆነው። የተረፈው 4,000 ስንኝ ከየት መጣ? ታሪኩን ከሙሚን ወሰደ፣ ድንጋዩን ከራሱ ክምር።

«ዘፋኞቹ ራሳቸው እኮ ቃል በቃል እንይዛለን ይላሉ» የሚለው ክርክር የተሻለ ነው፣ እውነትም ይላሉ። ዴማይል ዞጊች የተባለው ከሱለይማን ማኪች የሰማውን ግጥም ቃል በቃል እንደሚዘፍን ምሎ ነበር። ሁለቱም ስለተቀዱ ጎን ለጎን ተነበቡ፤ ታሪኩ አንድ ነው፣ ስንኙ ሌላ ነው። ዞጊች አልዋሸም። ለእነዚህ ሰዎች «ቃል» አንድ ስንኝ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሙሉ ንግግርም ሊሆን ይችላል። ይህ ለእኛ ሊከብደን አይገባም፤ ፖሊስ ጣቢያ «ቃሉን ሰጠ» የተባለ ሰው አንድ ቃል ተናግሮ አልወጣም።

ድግግሞሹ ከስንኝ በላይም ይሄዳል። ኢሊያድ ውስጥ ጀግና ሲታጠቅ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፦ ገምባሌ፣ ጥሩር፣ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ የራስ ቁር፣ ጦር። አራት ትልልቅ ትጥቆች አሉ፣ የገምባሌው ስንኞች በአራቱም አንድ ናቸው። ቅርጹ እንደ ሙያተኛው እጅ ይለጠጣል። የትሮያው ልዑል የፓሪስ ትጥቅ በ10 ስንኝ ገደማ ያልቃል፣ ጥሩሩም የወንድሙ የሊካዎን ነው፤ ቀስተኛ ስለሆነ የራሱን ይዞ አልወጣም። የአጋሜምኖን ወደ 30 ይረዝማል፣ ጥሩሩ ላይና ጋሻው ላይ ያለው ጌጥ ሁሉ ይቆጠራል። የአኪሌስ ወዳጅ ፓትሮክሎስ በ16ኛው መጽሐፍ የአኪሌስን ትጥቅ ይለብሳል፤ ገምባሌ፣ ጥሩር፣ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ የራስ ቁር፣ ሁሉም በተራው ይመጣል። ጦሩ ላይ ሲደረስ ሌላ ሁለት ጦር ያነሣል። የአኪሌስን ከባድ ጦር አልወሰደም፣ ከአኪሌስ በቀር ማንም አይሰብቀውምና። ቅደም ተከተሉን ለሚያውቅ አድማጭ ይህች ጉድለት ሞቱን ትነግረዋለች፤ በዚያው መጽሐፍ ይሞታል። በ19ኛው አኪሌስ ሲታጠቅ ስለ ጦሩ የተነገሩት አራት ስንኞች እንደ ነበሩ ይመለሳሉ፣ አሁን ግን ጦሩ ይነሣል። «መደጋገም የድክመት ምልክት ነው» የሚለው ሰው ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ ቢያነበው ደግ ነበር።

ግሪኮች ዘንድ ሸምዳጅ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ግጥሙ ከተጻፈና ከረጋ በኋላ በትር ይዘው የሚያነበንቡት ራፕሶዶስ የሚባሉት መጡ፣ ሥራቸው ሽምደዳ ነበር። ኒኬራቶስ የተባለ አቴናዊም አባቱ አስጠንቶት ሁለቱን ግጥሞች በሙሉ በቃሉ ያውቅ እንደነበር ዜኖፎን ጽፏል። ያኔ አብሮት የነበረ ሰው የመለሰለት፣ ራፕሶዶሶቹም ሁሉ ያውቁታል፣ ከእነሱ የባሰ ጅል ግን አይተህ ታውቃለህ? የሚል ነው። በኦዲሲ ውስጥ የሚዘፍኑት እነ ዴሞዶኮስ ግን ሌላ ሰዎች ናቸው። ኦዲሲየስ «የእንጨቱን ፈረስ ዝፈንልን» ይላል፣ ዴሞዶኮስ ከዚያው ይነሣል። ፌሚዮስም ሰይፍ ሲመዘዝበት የሚከራከረው ማንም እንዳላስተማረው፣ ዘፈኑን አምላክ ልቡ ውስጥ እንደዘራለት ነው።

የሙያ ጓዶቼ ሳይቆጡ በፊት፦ የዩጎዝላቪያው ስንኝ 10 ቀለም ብቻ ነው፣ ከሆሜር ምጣኔ ይቀላል፣ ቁጠባውም እንደ ሆሜር የጠበቀ አይደለም፤ ስለዚህ ንጽጽሩ የሥራውን ዘዴ ያሳያል እንጂ የሆሜርን መታወቂያ አያወጣም። ፓሪ መጠሪያዎቹ ትርጉም አይጨምሩም ሲል አክርሮታል፤ ዛሬ እንደዚያ የሚለው ጥቂት ነው። ቁጠባውም ቀዳዳ አለው፤ ኢሊያድ 23 ላይ በ7ቱ ክፍተት አኪሌስ አንድ ጊዜ «ሜጋቱሞስ» (ልበ ትልቅ) ተብሏል። ግጥሙ በማን እጅ፣ ተነግሮ ይሁን ቀስ በቀስ ረግቶ፣ እንደተጻፈ እስካሁን እንጣላበታለን።

ሮማዊው ገጣሚ ቨርጂል ሲመጣ ምጣኔው ያው ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። «ፒዩስ ኤኔያስ» (ጻድቁ ኤኔያስ) እያለ የሆሜርን መጠሪያ ይቀዳል፤ ክፍተት ስለጠበበው ሳይሆን ሆሜርን ለማስታወስ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ደክሞ ወደ 9,900 ስንኝ ጽፎ በ19 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሞት፣ ከ50 በላይ ስንኞች መሐል ላይ ተቆርጠው ቀርተዋል። በኋላ ሊመለስባቸው ነበር። ጉስሌ የያዘው አቭዶ ግማሽ ስንኝ ላይ ቆሞ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ማለት አይችልም ነበር፤ አድማጩ ቡናውን ጨርሶ ይሄድበታል።

ሆሜርን ወደ አማርኛ የምትመልሱ ሰዎችም አትታለሉ። በአማርኛው ስንኝ ክፍተቱ ስለሌለ «እግረ ፈጣኑ» ትርፍ መስሎ ይታያችኋል፣ ለለውጥ ያህልም አንድ ጊዜ «ጀግናው»፣ አንድ ጊዜ «ቁጡው» ማለት ያምራችኋል። ያን ጊዜ ፓትሮክሎስ ጦሩን ሲተው ማንም አያይም።