ቆረቆር በቅባት ብቻ ለምን አይድንም?

«ለልጄ ቆረቆር የትኛውን ቅባት ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ደጋግሞ ይመጣል። አጭሩ መልስ፦ ቅባት ብቻውን አያድነውም።

ቆረቆር ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥና ሥሩ ድረስ ይገባል፣ ቅባቱ ግን ላይ ላዩን ይቀራል። አንድ ልጅ ክንዱና ራሱ ላይ አንድ ዓይነት ፈንገስ ቢወጣበት፣ የክንዱ በቅባት ሊጠፋ ይችላል። የራሱ ግን በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን ሲሆን፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ማሳከኩ ቀረ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ማቆም ነው ብዙዎችን የሚያስቸግረው።

መጠኑ በልጁ ክብደት ይለያያል። የመድኃኒቱ ዓይነትና የሚወሰድበት ጊዜም እንደ ፈንገሱ ይለያያል፤ ይህን ሐኪም ይወስን። የኬቶኮናዞል ሻምፑ መተላለፉን ይቀንሳል እንጂ መድኃኒቱን አይተካም። ማበጠሪያና ኮፍያ አይጋሩ፤ የፀጉር ቤቱ ማሽንም ይጽዳ።

ነጭ ሽንኩርት መፈተግ ይቅር፣ ቆዳ ያቃጥላል። ከፋርማሲ በግምት የሚገዛ የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል። ራሱ ላይ መግል የያዘ እብጠት ካዩ ቶሎ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ጠባሳ ከጣለ እዚያ ቦታ ፀጉር ላይበቅል ይችላል።